የሐጃ ቆጣሪ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ግድግዳውን ሊያስመርግ ጭቃና ጭድ ሲያስቦካ ዋለ። ከገበያ ስመለስ በዚያ በኩል ሳልፍ የረጠበው ጭድ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። ከሠራተኞቹ አንዱ «እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? በጎንደር የጥቅምት ብርድ ላይ ቆሜ ልቤ ካርቱም ነበር፣ ያውም በግንቦት።

ያ ሽታ የሙከይፍ ሽታ ነው። አንቺ አታስታውሺውም፤ ሙከይፍ የምንለው መስኮት ላይ የሚሰቀል ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ግራና ቀኙ በደረቅ ሣር ይጠቀጠቃል፣ ሣሩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ደግሞ አየሩን በእርጥቡ ሣር መሃል እየሳበ ወደ ቤት ይነፋዋል። ሲበራ መጀመሪያ አቧራ ይሸታል፣ ቀጥሎ የረጠበ ጭድ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቅዝቃዜው የሚመጣው። እናትሽ ይህን ታሪክ እንደነገረችሽ አውቃለሁ። እሷ ስታወራው ግን ራሷን ጀግና አድርጋ ነው፤ እስቲ ደግሞ ከእኔ ከአክስትሽ ስሚው፣ የጥፋቱ ባለቤት እኔ ነኝና።

የምንኖረው በአንዲት ሱዳናዊት መበለት ግቢ ነበር። ሐጃ ነበር የምንላቸው። የፊተኛው ቤት የእሳቸው፣ የኋለኛው ሁለት ክፍል የእኛ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነበር። ከውጪው በር ጎን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ እንደ ስልክ ቁጥር የሚጫኑበት ነበር። መብራት የሚገዛው አስቀድሞ ነው። ሱቅ ሄደሽ ትከፍያለሽ፣ ሃያ አሃዝ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ይሰጡሻል፣ አሃዞቹን አንድ በአንድ ቆጣሪው ላይ ስትጫኚ የገዛሽው መብራት ይገባል። ሲያልቅ ቤቱ በሙሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ደንባችን አንዱን ሳምንት ሐጃ፣ አንዱን ሳምንት እኛ እንድንገዛ ነበር፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በዚህ ነገር ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

አባቴ አገር ቤት እያለ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ከአገር ከወጣ በኋላ ግን ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ጋራዥ የመኪና ዲናሞ ይጠቀልላል። ሐጃ ሲጠሩት ግን «ያ ኡስታዝ» ነው የሚሉት፤ መምህር ማለታቸው ነው። ያቺን ቃል ሲሰማ የዘይት ቱታውን እንደለበሰ ትከሻው ቀና ሲል አየው ነበር። እናቴ ደግሞ ክሊኒክ ታጸዳለች፤ ጠዋት ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመለሳለች።

እናትሽ አንቺን የወለደችው ግንቦት ውስጥ ነው። አባትሽ የጭነት መኪና ይዞ ፖርት ሱዳን መንገድ ላይ ስለነበር ለአራስነቷ እኛ ጋ መጣች። የካርቱምን ግንቦት ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የበሩን እጀታ በጨርቅ ካልያዝሽ አይከፈትም፤ የቧንቧ ውሃ ቀን ቀን እጅ ያቃጥላል። እናቴ ግን መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደችው፣ የበሩን ሥር በአሮጌ ቀሚስ ደፈነችው። ከዚያም የሙከይፉን ሶኬት ነቀለችና ገመዱን ጠቅልላ በቀይ ጨርቅ ቋጠረችው።

«እስከ ሰማንያዋ ይህን የሚፈታ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ተጣላ ማለት ነው» አለች። ክርስትናሽ በሰማንያ ቀንሽ ነበር።

ክፉ ሆና አይደለም። ከእናትሽ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ደብረ ታቦር ላይ፣ በሐምሌ፣ በአሥራ ሦስተኛ ቀኑ ሞተባት። «ብርድ መታው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ ተናግራ አታውቅም። ብርዱ ካርቱም ድረስ ተከትሏት የመጣ ይመስላት ነበር መሰለኝ። አራስ ቤት ገብታ እጇ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እግርሽ ነበር፣ ቀዝቅዞ እንደሆን ለማየት። ያንቺ እግር እንኳን ሊቀዘቅዝ ላብ ያንጠባጥብ ነበር።

ሐጃ ለመጠየቅ መጡ። «ማርያም ማረችሽ» ማለትን ከእኛ ተምረዋል፤ ራሳቸው ሙስሊም ሆነው አሳምረው ይሏታል። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደተቀመጡ በለበሱት ቶብ ጫፍ ፊታቸውን ማራገብ ጀመሩ።

«ወላሂ፣ ይህ የአራስ ክፍል ነው ወይስ የዳቦ ፉርን? ልጅቷን እያበሰላችኋት እኮ ነው!»

እናቴ ፈገግ አለችና ትኩስ አጥሚት ቀዳችላቸው። ሐጃ አጥሚቱንም አዩ፣ እናቴንም አዩ፣ ከዚያ ተነስተው ሄዱ።

በአሥረኛው ቀንሽ፣ እናቴ ሥራ እንደወጣች፣ እናትሽ ጠራችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነው የምውለው። አንገትሽን ገልጣ አሳየችኝ። ከጆሮሽ እስከ ደረትሽ በቀይ ሽፍታ ተሞልቷል። የምታለቅሽው እንኳ ድምፅ በሌለው ለቅሶ ነበር፤ አፍሽን ከፍተሽ ዝም።

«ነይ ይህን ቋጠሮ ፍቺልኝ» አለችኝ።

«እማ ትገድለናለች!»

«እማ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትመጣው። እስከዚያ ትተንፍስበት። ደግሞ ከጓሮ ያለውን የውሃ ቧንቧ ክፈቺው፣ ስናጠፋ መዝጋቱን ግን እንዳትረሺ።»

ቋጠሮውን ፈታሁ። ቧንቧው ከቤቱ ጀርባ፣ ሰው በማይሄድበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነበር። ከላዩ ተርቦች ቤት ሠርተዋል። ፎጣ ተከናንቤ ሮጬ ከፈትኩት፤ አንዷ ጆሮዬን ነደፈችኝና እየጮህኩ ተመለስኩ። ስገባ ግን ሙከይፉ በርቶ ነበር። አቧራው ሸተተ፣ ከዚያ ጭዱ፣ ከዚያ ቅዝቃዜው መጣ። አንቺ ጨብጠሽው የነበረውን እጅሽን ቀስ ብለሽ ከፈትሽና እንቅልፍ ወሰደሽ። እናትሽ አለቀሰች። እኔ የጆሮዬን ሕመም ረሳሁት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አጠፋነው፣ ጨርቁን መልሼ ቋጠርኩት፣ ብርድ ልብሱን ጋረድነው።

«ቧንቧውን ዘጋሽው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

አልዘጋሁትም። ተርቦቹን ፈራሁ። በማግስቱም «አዎ» አልኩ፣ በሦስተኛውም ቀን «አዎ»። ክፍት ቢሆን ምን ይሆናል ብዬ ነው። ሱዳኖች ዐዋማ የሚሉት ኳስ አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ውሃው ሲሞላ ይንሳፈፍና ራሱ ይዘጋዋል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ መሰንጠቁን በምን ልወቅ!

ሽፍታሽ በአራት ቀን ጠፋ። እናቴ አንገትሽን እያገላበጠች አየችና ፊቷ በራ። «አያችሁ? ሙቀቱ ነው የጠረገላት!» አለች። እኔና እናትሽ ሳቃችን እንዳያመልጠን ከንፈራችንን ነክሰን መሬት መሬት አየን።

ችግሩ የመጣው በቆጣሪው በኩል ነው። የሐጃ ሳምንት ነበር፤ የገዙት መብራት በአራተኛው ቀን አለቀ። ሐጃ ወረቀቷን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ደጋግመው አዩዋት፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ስምንትና ሦስትን አይለዩም ነበር። ተራው ደረሰንና አባቴ ገዛ። የእኛ ደግሞ ሦስት ቀን ብቻ ቆየ። አባቴ ሐጃ በቅርቡ ያስገቡትን ትልቅ ፍሪጅ በጎሪጥ ማየት ጀመረ። ሐጃ ደግሞ እናቴ ተደብቃ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ ለገበያ የምትጋግር መሰላቸው፤ በራችን ላይ ሲያልፉ ቆም ብለው ያሸቱ ነበር።

በአሥራ ሰባተኛው ቀንሽ ግቢው መሃል ተገናኙ።

«ሐጃ፣ ፍሪጁ አዲስ ነው አሮጌ?» አለ አባቴ።

«ፍሪጄን ተወው ያ ኡስታዝ! በሰባት ዓመት ያላየሁትን ዘንድሮ አየሁ። መቼም ምጣድ ከሆነ ንገሩኝ።»

«ምጣድ የለንም። ገብተው ይዩ።»

«የሰው ቤት አልፈትሽም» አሉ ሐጃ። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «ግን እንዲህ ከቀጠለ ኸላስ፣ በቃ፣ ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቤት ፈልጉ።»

እናቴ የሰማችው ከበሩ ሥር ሆና ነው። በዚያ ፀሐይ፣ ከአራስና ከጨቅላ ጋር፣ ፍራሽ ጭነን የምንዞር ታየኝ። እናትሽ እጄን ያዘችና «ከዛሬ ጀምሮ አናበራውም» አለችኝ በሹክሹክታ። ሙከይፉ መብራቱን የበላው መስሏት ነው። እኔም መስሎኛል።

አላበራነውም። በሁለተኛው ቀን ሽፍታው ተመለሰ፤ ለቅሶሽም ያ ድምፅ የሌለው ለቅሶ ሆነ። እናትሽ በማራገቢያ ስታራግብሽ ክንዷ ዝሎ ይወድቅ ነበር። የሚገርመው ግን መብራቱ አሁንም እንደ ሰሞኑ እየሮጠ ያልቃል። አባቴ ጠዋትና ማታ ቆጣሪው ላይ የቀረውን እያየ ሲመዘግብ «ኧረ ይህ ነገር!» ይላል። ሙከይፉ ከጠፋ ማን ነው የሚበላው? ያን ጊዜ ለአባቴ ብናገር ያልቅ ነበር። ከተናገርኩ ግን እናቴ ሶኬቱን ከሥሩ ትቆርጠዋለች፣ አንቺም እስከ ሰማንያ ቀንሽ እንደዚያ ልትከርሚ ነው። ዝም አልኩ።

በሃያኛው ቀንሽ በዓል ስለነበር ሥራ አልነበረም። አባቴ ሁላችንንም ጠራና የፊዚክስ ትምህርቱን ጀመረ። ቆጣሪው ላይ ቀይ መብራት አለች፤ መብራት ሲሳብ ብልጭ ብልጭ ትላለች። «በቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ» አለ። የእኛን አጠፋን። ብልጭ ትላለች። ሐጃ ፍሪጃቸውን ሳይቀር ነቀሉ፤ እጃቸውን አጣጥፈው መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ቀይዋ መብራት አሁንም ቶሎ ቶሎ ብልጭ ትላለች።

«የእኔም አይደለም፣ ያንተም አይደለም» አሉ ሐጃ። «ታዲያ የማን ነው? የጂን?»

አባቴ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘን። ማራገቢያው፣ ፍሪጁ፣ ሬዲዮው ሁሉ ዝም ሲል፣ ከአጥሩ ሥር ካለው የቆርቆሮ ክዳን ውስጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ። ውሃ ወደ ጣሪያው ታንከር የሚስበው ሞተር ነበር። ታንከሩ ሲጎድል ራሱ ይነሳል፣ ሲሞላ ራሱ ያርፋል። አባቴ ክዳኑን ገለጠና ሞተሩን ነካው።

«እፍፍ!» ብሎ እጁን መለሰ። «ይህ እኮ አርፎ አያውቅም። ይህ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚሄደው?»

ያኔ የት እንደሚሄድ ገባኝ።

ተከታትለን ወደ ጓሮ ሄድን፤ አባቴ ከፊት፣ እናቴና ሐጃ ከኋላው፣ እኔ መጨረሻ። ጠባቡ መተላለፊያ ጭቃ ሆኗል። በሌላው ሰፈር አንዲት ለምለም ሣር እንኳ በማትገኝበት ወቅት፣ ከግድግዳችን ሥር እንደ ጎመን የሚበላው ሪጅላ የሚባለው ቅጠል አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ በቅሏል። ሐጃ ጥሉን ረሱት። «ሪጅላ! በዚህ ወር!» ብለው ጎንበስ ብለው መልቀም ጀመሩ። ከላይ ከሙከይፉ ሣጥን ውሃው በጠርዙ ሞልቶ ይንዠቀዠቃል። አባቴ ተርቦቹን በኮፍያው እየተከላከለ እጁን ከተተና የተሰነጠቀውን ኳስ አወጣው። ከዚያ ሣሩን ዳሰሰ። እርጥብ ነበር።

«ይህን ቧንቧ የከፈተው ማን ነው?» አለ።

እናቴ ወደ ቤት ሮጠች። ተከትያት ገባሁ። ቀዩን ጨርቅ ይዛ ቆማለች። የእሷ ቋጠሮ ሁለት ጊዜ የተጠላለፈ፣ በጥርስ ካልሆነ የማይፈታ ነበር። የእኔ ግን እንደ ጫማ ክር ሁለት ጆሮ አለው! ስምንት ቀን ሙሉ እንደዚያ ስቋጥር አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ቧንቧውንም ያልዘጋሁት እኔ ነኝ። ተርብ ፈርቼ ነው።»

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አለች እናትሽ ከአልጋው ላይ።

እናቴ ትጮሃለች ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅኳት። እሷ ግን ቀስ ብላ «ስንት ቀን?» አለች።

«ስምንት ቀን» አልኳት።

«አሥራ ሦስተኛዋ ቀንም?»

«አዎ እማ» አለች እናትሽ። «ያን ቀን እንዲያውም ስትተኛ ነው የዋለችው።»

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን እሷ ሥራ ቦታ ሆና ሰዓቱን ስትቆጥር እንደዋለች፣ ወለል እየወለወለች ስትጸልይ እንደነበር፣ ብዙ ዓመት ቆይታ ነው የነገረችኝ። ያኔ ግን ጨርቁን በእጇ ጠቀለለችው። ንዴት ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁትም።

ሐጃ ሪጅላውን በቶባቸው እንዳቀፉ ገቡ። ማንንም ሳይጠይቁ በረጠበው የእጃቸው ጀርባ አንገትሽን ነካ አደረጉ። ፈገግ ብለሽ ነበር ይላሉ፤ የሃያ ቀን ልጅ ፈገግ ትበል አትበል እንጃ።

«ያ ኡኽቲ» አሉ ለእናቴ። እህቴ ማለታቸው ነው። «እኔም አንድ ቀብሬያለሁ። በዚህ ቤት ነው፣ በሰኔ፣ ሙከይፍ የሚባል ነገር ሳይኖረን። ሙቀት ነው የወሰደብኝ።»

በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም። እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ እናቴ ተነሳች፣ ነጠላዋን አወለቀችና ንፋሱ ፊትሽን እንዳይመታው ከሙከይፉና ከአልጋው መሃል ዘረጋችው። ገመዱን በገዛ እጇ ፈታች፣ ሶኬቱን ሰካች። አባቴ ሞተሩን ለማሳረፍ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶት ስለነበር ምንም አልተነሳም። «አብራው እንጂ! ምን ይገትርሃል?» ብላ በመስኮቱ በኩል አባቴ ላይ ጮኸች። የሚገርምሽ፣ በዚያ ቀን የጮኸችው እሱ ላይ ብቻ ነው። እናትሽም እኔም ሳቃችን አመለጠን፤ ሐጃም ሳቁ፣ በመጨረሻ እናቴም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እኔ እስከዛሬ እንደዚያ ቀን ያለ እፎይታ አላውቅም። ከአንጀቴ ነው የተነፈስኩት።

አባቴ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ በላስቲክ አስሮ ኳስ አድርጎ ገጠመው። የዚያ ሳምንት መብራት ስምንት ቀን ሄደ፣ ያውም ሙከይፉ ቀን ከሌት እየሠራ። የበላን ሞተሩ እንጂ ሙከይፉ አልነበረም። አባቴ የመዘገበባትን ወረቀት ለሐጃ እንደ ፈተና ውጤት አሳያቸው። «ኡስታዝ፣ መዓሌሽ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። እሱም ስለ ፍሪጁ ይቅርታ ጠየቃቸው። ማታ ሪጅላውን ሠርተው ላኩልን፤ እነሱ ያረዱትን ሥጋ እንደማንበላ ስለሚያውቁ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ብቻ። ለሁለት ቀን በልተን አልጨረስነውም።

ቅጣቴን የፈረዱት ሐጃ ናቸው። ከዚያ ወዲያ የመብራት ቁጥር ማስገባት የእኔ ሥራ ሆነ። በየሳምንቱ ወረቀቷን ይሰጡኝና ከጎኔ ቆመው «ያላ ያ ቢቲ» ይሉኛል፤ በይ ልጄ እንደማለት። ሃያውን አሃዝ ስጫን ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ቆጣሪው ሲቀበል ትከሻዬን ቸብ ያደርጉኛል። አንቺን ደግሞ እስክታድጊ ድረስ «ቢት አልሙከይፍ» ነበር የሚሉሽ፣ የሙከይፍ ልጅ።

ጦርነቱ ሲነሳ ከካርቱም ስንወጣ እሳቸው አልመጡም። «ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?» አሉ። አውቶቡሱ ሊሄድ ሲል የመጨረሻዋን ወረቀት አስገባሁላቸው። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ነው የተቀበለው። እንደ ድሮው ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። ስልካቸው አሁን ዝግ ነው ይላል፤ እኔ ግን በየሳምንቱ እደውላለሁ።

ስለ ጭዱ ሽታ ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ጋቢዋን ወደ አንገቷ ሳበችና ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ልነሳ ስል፦

«ቁጥሩን ማን እያስገባላት ይሆን?» አለች። «ስምንትና ሦስትን እኮ አትለይም።»